በልጆቹ ስም የጻፍኩት ስህተት

ሥራ በጀመርኩ ቀን የጻፍኩት ነገር እስከ ዛሬ ያስቃቸዋል። አዲስ አበባ እያለሁ መዝገብ ቤት ውስጥ ዘመኔን የፈጀሁ ሰው ነኝ፤ ያየሁትን ሁሉ እጽፋለሁ። ኬንያዊው አሰልጣኛችን ኮች ኦዱር ደብተሩን ሲቀበለኝ እንዲህ የሚል አገኘ፦ «ስድስት ቁጥር የጫማውን ክር አሰረ። ዳኛው አስነጠሰ። ሁለት ፍየሎች ሜዳ ገቡ፣ አንዷ ወጣች።»

«ማማ ብርቄ፣ ይሄ ፖሊስ ጣቢያ አይደለም» አለኝ። «ኳሷን ብቻ ጻፊ።»

«ሁለተኛዋ ፍየልስ?» አልኩት። እውነቴን ነው፣ አልወጣችም ነበር።

እንዲህ ሆኜ ነው የጌዴዎን ቤዝቦል ቡድን ውጤት መዝጋቢ የሆንኩት። ቡድኑን ያቋቋምነው ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ የምንኖር የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነን። ስሙን ያወጡት ሽማግሌያችን ጋሽ ታምራት ናቸው፤ ጌዴዎን በጥቂት ሰው ድል አድርጓል ብለው። በጥቂትነቱስ ማንም አይስተካከለንም፣ አሥራ አንድ ነን። የቀረው ድሉ ነው።

የሥራ ዕቃዬ ትልቅ ደብተር፣ ሁለት የተቀረጹ እርሳሶች፣ ላጲስ፣ የውርወራ ብዛት የምቆጥርባት በአውራ ጣት የምትጫን ትንሽ ቆጣሪ ናቸው። ማዕረጌ ከኮቹ በታች፣ ውሃ ከሚያቀርበው በላይ ነው።

ቤዝቦል ለማያውቅ ሰው ሥራዬን በአጭሩ ልንገረው። ፒቸር የሚባለው ይወረውራል፣ ተጋጣሚው በዱላ መትቶ ይሮጣል። ደህና አድርጎ መትቶ ቤዝ የሚባለው ማረፊያ ላይ ከደረሰ «ሂት» ብዬ እጽፋለሁ፤ በፒቸሩ ላይ ይቆጠራል። ቀላል ኳስ መጥታ የኛ ሰው ከጣላት ግን «ኤረር» ብዬ የጣላትን ሰው ቁጥር እጽፋለሁ፤ ፒቸሩ ነፃ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚወስነው መዝጋቢው ነው። ዳኛው እንኳ አያገባውም።

ፒቸሮቻችን ያሬድና ካሌብ ነበሩ። ሁለቱንም ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ያሬድ ሲወረውር ኳሷ ትሰማለች እንጂ አትታይም። ካሌብ ግራኝ ነው፤ የሱ ኳስ መንገድ ላይ ሐሳቧን ትቀይራለች። በሊጉ ውስጥ እንደነሱ ያለ አልነበረም። እኛ ግን እነሱን ይዘን በተከታታይ እንሸነፍ ነበር።

ለምን? እሱን ነው የምነግራችሁ።

ሦስት ቁጥር፣ ፈርስት ቤዝ፣ የመጀመሪያው ማረፊያ ላይ የሚቆሙት ጋሽ ታምራት ናቸው። ዕድሜያቸው ስልሳን ተጠግቷል። ኮቹ አይደለም እዚያ ያቆማቸው፤ ጓንቱንም ዱላውንም የገዙት እሳቸው ስለሆኑ ማንም «ይውጡ» አላላቸውም። ሱሪያቸው የሱፍ ነው፣ በጥሩ ሁኔታ የተተኮሰ። ኳሷ ወደሳቸው ስትመጣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ። ጸሎቱ ሳያልቅ ኳሷ ታልፋለች። ከዚያ ሰማዩን አይተው «ፀሐዩ!» ይላሉ። ናይሮቢ በጁላይ ፀሐይ የላትም።

የመጀመሪያውን ሲጥሉ አልጻፍሽም እንዳትሉኝ፣ ጻፍኩት። «ኤረር፣ ሦስት ቁጥር» አልኩ፣ አምሮ ተጻፈ። በእረፍት ጋሽ ታምራት መነጽራቸውን እየጠረጉ ወደኔ መጡ።

«ብርቅነሽ፣ እንዴት ነው ጽሕፈቱ?» አሉኝ።

«ደህና ነው ጋሼ» አልኩና እሳቸው ጎንበስ ሳይሉ ላጲሱን አነሳሁ። «ሂት» አልኩት። ማንም አላዘዘኝም። እሳቸውም አልጠየቁኝም። እጄ ነው የሠራው።

ምን ላድርግ? ናይሮቢ ስገባ አንድ የስዋሂሊ ቃል አላውቅም ነበር። የስደተኛ ወረቀቴን ለማውጣት አራት ቀን አብረውኝ የተሰለፉት እሳቸው ናቸው፤ እኔ እንዳልቆም ከቤታቸው ወንበር ተሸክመው እየመጡ። እንዲህ ያለን ሰው ስም ከስህተት ጎን እንዴት እጽፋለሁ? ይሉኝታ ያዘኝ። አንዱን ካጠፋሁ በኋላ ሌላው ቀላል ሆነ። ላጲሴ በየሁለት ሳምንቱ ያልቅ ጀመር።

ውድድሩ ሊያበቃ ጥቂት ጨዋታ ሲቀረን የመጨረሻው ደረጃ ላይ ነበርን። መጨረሻ የወጣ ቡድን ከሊጉ ይወጣል። የካሳራኒ ቡድን አሰልጣኝ ኮች ዋንጂሩ መልእክት ላከች፦ ሁለቱን ፒቸሮች ስጡንና አምስት ተጫዋች እንስጣችሁ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ፓርክላንድስ፣ ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ውስጥ ኮሚቴው ተቀመጠ። ኮች ኦዱር «ልጆቹን አትንኩ» ብሎ ለመነ። ጋሽ ታምራት ደብተሬን ከፍ አድርገው አሳዩ።

«እኔም እወዳቸዋለሁ» አሉ፣ ከልባቸው ነው። «ግን መዝገቡ ይናገር። እዩት፣ ሂት፣ ሂት፣ ሂት! ሁሉም ይመታቸዋል። ይህን የጻፈችው ብርቅነሽ ናት፤ እሷ ደግሞ ፍየል እንኳ አታሳልፍም።»

ሁሉም ወደኔ ዞሮ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ልውውጡ ይሁን ተባለ።

በማግስቱ ያሬድ ቤቴ መጣ። አልቀመጥም አለ፣ በር ላይ ቆመ።

«አንቲ፣ የደብተሩን ፎቶ የቡድኑ ግሩፕ ላይ አየሁት» አለኝ። «እኔ ደህና የምወረውር ይመስለኝ ነበር። ማለቴ፣ ክንዴ ሲወረውር ይነግረኛል። ግን ፔፐሩ ሌላ ነው የሚለው። አንቺ አትዋሺም። ካሳራኒ አልሄድም፣ ጨዋታውን ራሱ ልተው ነው። ኢሜኢሻ።»

አልቋል ማለቱ ነው። «ተው እንጂ ልጄ፣ አትቸኩል» አልኩት። ከሄደ በኋላ ደብተሩን ትራስ ስር ከተትኩት፤ እንዳላየው ብዬ። እንደ ድንጋይ ሆኖ ሲጎረብጠኝ አደረ።

ቅዳሜ ወደ ካሳራኒ ሄድን። የእኛ ሰዎች ተጫዋች ለመለወጥ የሚያውቁት አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ሽማግሌ መላክ። ሦስት ሽማግሌዎች በሙሉ ልብስ፣ ጋሽ ታምራት ከፊት፣ ኮች ኦዱርና እኔ ከነደብተሬ ከኋላ ሆነን በሁለት ማታቱ ሚኒባስ ደረስን። ኮች ዋንጂሩ ሶዳ አቀረበች። ሽማግሌዎቹ አንነካም አሉ፤ ጉዳያቸው ምላሽ ሳያገኝ አይጠጡም። መቀመጥም እንቢ አሉ። ጉሮሮአቸውን ጠርገው «የመጣነው በታላቅ አክብሮት አንድ ነገር ለመጠየቅ ነው» ብለው ጀመሩ።

ኮች ዋንጂሩ ወደ ኮች ኦዱር ጠጋ ብላ «እነዚህ አባቶች ለጋብቻ ከሆነ የመጡት፣ እኔ ባል አለኝ» አለችው።

ነገሩ ሲገባት ሳቀች፣ ደብተሬንም ተቀበለችኝ። ገለጠች፣ ግንባሯን ቋጠረች። «የሚገርም ነው» አለች። «እናንተ ጋ ስንጫወት እኔም መዝጋቢ ነበረኝ። ደብተሩን ይዛ እየመጣች ነው። ጎን ለጎን እናያቸዋለን።»

እውነቱን ልናገር። ያ ሁለተኛ ደብተር ባይመጣ ኖሮ እናገር ነበር ወይ? አላውቅም። እናገር ነበር ማለት ደስ ይለኛል፣ ግን አላውቅም። የማውቀው መዝጋቢዋ ልጅ በሩን ስታንኳኳ እኔ ተነሥቼ ቆሜ እንደነበር ነው።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። «መዝገቡ ውሸት ነው። ልጆቹ አልተመቱም። ኳሷን የጣሉት እርስዎ ነዎት። እኔ አፍሬ በነሱ ላይ ጻፍኩት።»

ሶዳው ብቻ ይንጫጫል።

«ስንት ነው?» አሉ ጋሽ ታምራት።

«ሃያ ሦስት።»

«ፀሐዩን ቀንሰሽ?»

«ፀሐይ አልነበረም ጋሼ።»

ተቀመጡ። ሽማግሌ ሳይፈቀድለት ሲቀመጥ ያን ቀን አየሁ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ቀና ሲሉ ወደ ኮች ዋንጂሩ ዞሩና «ልጆቹን አልሰጥም። እኔን ውሰጂኝ» አሉ።

«ፖሌ ባባ፣ ይቅርታ አባት» አለች ኮች ዋንጂሩ፣ «እኛም መዝገብ አለን።»

መጀመሪያ የሳቁት እራሳቸው ናቸው። ሶዳውንም ያን ጊዜ አነሡት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሽ ታምራት ሜዳ አልገቡም። ከጎኔ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከመጀመሪያው ጨዋታ ጀምሮ ገጹን እየገለጡ «ይቺንም አስተካክዪ፣ ይቺ የኔ ናት፣ አስታውሳታለሁ» እያሉ አስጻፉኝ። እኔ ሃያ ሦስት ያልኩትን እሳቸው ሃያ ስድስት አደረሱት። ሦስቱን በይሉኝታ ሳላያቸው አልፌ ነበር።

ያሬድ ኮቹ ለምኖት መጥቶ ነበር። ከጨዋታው በፊት የተስተካከለውን ደብተር ወስጄ ሰጠሁት። ቆሞ አንድ በአንድ አነበበው። ይደሰታል ብዬ ነበር።

«ለምን አንቲ?» አለኝ።

«ጋሼን አፍሬ ነው ልጄ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ስማቸውን ማጉደፍ ከበደኝ።»

ደብተሩን ዘግቶ መለሰልኝ። «እሺ፣ እሳቸውን አፈርሽ» አለ። «እኔንስ?»

መልሴን ሳይጠብቅ ሄዶ ወረወረ። አንድም ሰው አልመታውም። በሌሎቻችን ኤረር ተሸነፍን፣ ከሊጉም ወጣን፤ አሁን ከታች ባለው ሊግ እንጫወታለን፣ ሁለቱም ልጆች አሉ።

ለአዳዲስ መዝጋቢዎች የምላችሁ ይህን ነው። ስህተትን አይታችሁ ብታጠፉት አይጠፋም፤ ሌላ ሰው ስም ላይ ይሄዳል። የሠራው ሰው ስም ላይ ጻፉት።