ሪም የተናገረችው ቃል

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ቤቴ ደጃፍ ምስር እየለቀምኩ ሬዲዮ ስሰማ፣ አንድ ሐኪም ስለ ኦቲዝም ይናገር ነበር። በአንዳንዶቹ ልጆች የሰውነት የበሽታ መከላከያ ተዛብቶ እንደሚገኝ፣ ሴሎቻቸውም እንደ ብረት ዝገት ያለ ጉዳት እንደሚደርስባቸው፣ ነገሩ ግን ገና በጥናት ላይ እንዳለ አስረዳ። አንዲት እናት ደውላ «ታዲያ ዳቦና ወተት ልከልክለው?» አለችው። «እባክሽ፣ በግምት ልጅ አታስርቢ» አላት። ምስሩን ትቼ ገባሁና አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ።

ካርቱም የገባሁት ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ነው። ዐማራት በሚባለው ሰፈር ኢብቲሳም ከምትባል ሴት ቤት ተቀጠርኩ፤ «ሲት»፣ እመቤቴ ማለት ነው፣ እያልኩ ነበር የምጠራት። ባሏ ሌላ አገር ይሠራል፤ ቤት ውስጥ ያለነው እሷ፣ እኔና የስድስት ዓመት ልጇ ሪም ብቻ ነበርን። ሪም አትናገርም። ጉንፋኑና የጆሮ ሕመሙ አይለያትም። የምትበላው አንድ ነገር ነው፤ ዓይሽ የሚሉትን ክብ ዳቦ ወተት ውስጥ ነክሬ ሳጎርሳት፣ ያውም ከእኔ እጅ ብቻ። ከሰዓት ሙቀቱ ሲበረታ ግቢው ውስጥ ካለው የሎሚ ዛፍ ሥር ጀርባዋን ሰጥታኝ ጭኔ ላይ ትቀመጥና ጣቶቼን አንድ በአንድ ትነካካለች። ታናናሾቼን ወሎ ጥዬ ለመጣሁት ለእኔ ያች ልጅ ቤተሰቤ ነበረች።

አንድ ቀን ሲት ኢብቲሳም ልጇን ከአንድ የግል ክሊኒክ ይዛት ተመለሰች። ፊቷ በርቷል።

«አንቺ ዘይነብ፣ መድኃኒቱ ተገኘ! የልጄ ደም እየዛገ ነው፤ መከላከያዋም በራሷ ላይ ተነሥቷል አሉኝ። ከዛሬ ጀምሮ ዳቦና ወተት ሀራም ነው። የዓሣ ዘይት፣ ቫይታሚንና ሾርባ ብቻ። ኢንሻላህ ትናገራለች።»

«ሌላ ነገር አትበላም እኮ፣ ሲት።»

«ሲርባት ትበላለች። እንዳታዝኚላት፤ የሚገድላት ማዘንሽ ነው።»

ክፉ ሴት አልነበረችም። ልጇ አንድ ጊዜ «እማ» እንድትላት ዓይኗን ብትጠየቅ ትሰጥ ነበር።

ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል የሚነሣበት ወቅት ነበር። በር ዘግተን፣ ቀዩ አቧራ በስንጥቁ እየገባ፣ የሪምን እጆች በጉልበቶቼ መካከል እይዝና አፍንጫዋን እቆነጥጣለሁ። አየር ፍለጋ አፏን ስትከፍት ዘይቱን እጨምራለሁ። ስታስመልሰው እደግማለሁ። ሾርባውን ትተፋዋለች። በኋላ ጣቴን ይዛ ዳቦ ይቀመጥበት ወደነበረው መደርደሪያ ትወስደኛለች። ፊቴን ማዞር ለመድኩ። ጎበዝ ሠራተኛ መባሉ ደስ ይለኝ እንደነበርም አልደብቅም።

ከሳች። ክንዶቿ እንጨት መሰሉ። አንድ ጠዋት ማንኪያውን ሳስጠጋላት ፊቷን መለሰችና በሻከረ ድምፅ «ኸላስ» አለች።

በቃ ማለት ነው።

ሲት ኢብቲሳም ከጓዳ ሮጣ መጣች። «ሰማሽ? ተናገረች! ወላሂ ልጄ ተናገረች!» እልልታዋን አቀለጠችው። ሪምን አቅፋ እያለቀሰች ዞረች። ከዚያ ወደ እኔ ተመለሰች።

«መድኃኒቱ እየሠራ ነው። ያላ፣ አንድ ማንኪያ ጨምሪላት።»

«በቃኝ ነው እኮ ያለችው» ልል አፌን ከፈትኩ። «አልሐምዱሊላህ» አልኩ። ማንኪያውንም ሞላሁ።

በአራተኛው ቀን ሪም ተዝለፍልፋ ወደቀች። በአምጃድ፣ በዚያች ትንሽ የኪራይ መኪና፣ ሶባ አካባቢ ወዳለ ሆስፒታል ይዘናት ሄድን። መንገዱ አያልቅም። ሐኪሙ የእጇን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጎ አየና «ዳቦዋን ስትነጥቋት ምን ተካችሁላት?» አለ።

ሲት ኢብቲሳም ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። «የምታበላት እሷ ናት።»

ውሸት አልነበረም።

ሪም ተረፈች። ጉሉኮሱ ከተነቀለላት በኋላ በወተት የራሰ ዳቦ እንድትበላ ተፈቀደላት። እጄን ስዘረጋ ግን አፏን በሁለት እጇ ሸፍና ጮኸች። ነርሷ ስትሰጣት በላች። ቤት በተመለስን በሳምንቱ ተባረርኩ፤ ልብሴን ጠቅልዬ አል-ሳሃፋ ሰፈር ያለች የአገሬ ልጅ ዘንድ ሄድኩ። ስወጣ ሪም ከሎሚው ሥር ነበረች። ቀና አላለችም።

ከዚያ ወዲህ የሰው ልጅም አሳድጌአለሁ፣ የራሴንም ወልጄአለሁ። ሪም በሕይወት ካለች ዛሬ ትልቅ ሴት ናት። ስለ ጥናቱ አዋቂዎቹ ይነጋገሩበት፤ እኔ የማውቀው ነገር አይደለም። ያ የክሊኒክ ሰውዬ አምኖበት ይሆናል። እናቲቱም ጓዳ ነበረችና ድምፁን ሰማች እንጂ የልጇን ፊት አላየችም። እኔ ግን አይቻለሁ። ልጅቱ አንድ ቃል ተናገረች፤ የተናገረችውም ለእኔ ነበር።