ወደ ውስጥ የሚከፈት በር

ፋኢዛ ጠዋት አንድ ስኒ ሻይ ከጠጣች፣ ሱቋን ዘግታ ቤቷ እስክትገባ ውሃ አትቀምስም። ረመዳን ሲመጣ ጎረቤቶቿ «አንቺማ ዓመቱን ሙሉ ጿሚ ነሽ» እያሉ ይቀልዱባታል።

የምትሸጠው ዚፕና የልብስ ቁልፍ ነው። አባቷ ያወረሷት የቆርቆሮ ሱቅ ደፍ አልነበረውም፤ ዊልቸሯ ከመንገድ ቀጥ ብሎ ይገባ ነበር። ነጋዴዎቹ አክሲዮን ገብተው ሱቆቹ ፈርሰው በቦታቸው ሕንፃ ሲቆም፣ አዲሶቹ ሱቆች በዕጣ ተከፋፈሉ። ለእሷ አራተኛ ፎቅ ወጣላት። ሊፍቱ በተመረቀ በሦስተኛው ወር ተበላሽቶ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት አዝሏት የሚወጣው፣ ማታ አዝሏት የሚወርደው ጋሽ ውብሸት ነው፤ በአባቷ ዘመን የሱቆቹ ተራ ዘበኛ የነበረ፣ አሁን የሕንፃው ዘበኛ። ዊልቸሩን ኩሊ ተሸክሞ ይከተላቸዋል። ሌላ ወንድ እንዲያዝላት ግን ፈቅዳ አታውቅም።

በፎቁ ጥግ የዊልቸር ሥዕል የተለጠፈበት ሽንት ቤት አለ። በመጀመሪያው ሳምንት ሞክራው ነበር። በሩ ወደ ውስጥ ይከፈታል፤ ዊልቸሩ ከገባ አይዘጋም። ለአስተዳዳሪው ነገረችው፤ «ይታያል» አላት። ዓመት ጠብቃ ተስፋ ስትቆርጥ የሽንት ቤቱን ቁልፍ እንዲሰጣት ጋሽ ውብሸትን ለመነችው፤ እሱም ማንንም ሳያስፈቅድ ሰጣት። እሱም ማንንም ሳያስፈቅድ ሰጣት።

አንድ ማክሰኞ ጴጥሮስ የሚባል የዲዛይን መምህር አምስት ተማሪዎች አስከትሎ መጣ።

«ሕንፃ ለሁሉም ሰው እንዲመች አድርጎ ስለመሥራት የጽሑፍ ፈተና ሰጥቻቸው ሁሉም ደፍነዋል» አላት። «ማወቃቸውን ግን እርስዎ ይፈትኑልኝ። ሕንፃውን እያዩ ይጠይቁዎታል፤ ለእያንዳንዳቸው ከአሥር ማርክ ሰጥተው ይፈርሙልኛል። ሪፖርቱ ለአስተዳደሩም ይደርሳል።»

ፋኢዛ ደነገጠች። እውነቱ ከተጻፈ በሩ ይሠራላት ይሆናል፤ እሷም እንደ ሰው ውሃ ትጠጣለች። ግን በመጀመሪያ በሩ ይከፈታል፣ ካርቶኖቹ ይታያሉ፣ ቁልፉን ማን ሰጠ ይባላል። ባለፈው ወር ለአንድ ነጋዴ ጨርቅ ደረጃ ሥር ያስቀመጠ የሁለተኛ ፎቅ ዘበኛ በዚያው ቀን ተባርሯል። ጋሽ ውብሸት ከሄደ ማን ያዝላታል?

«ራምፕ አለ፣ ሊፍት አለ፣ የዊልቸር ሽንት ቤት አለ» አለ ሚኪ የሚባለው ተማሪ፣ ወረቀቱ ላይ ምልክት እያደረገ። «ፉል ነው!»

«ራምፑ ላይ እኮ ጫማ ተዘርግቶበታል» አለው ጓደኛው።

«መርካቶ ነዋ! ትንሽ ከቆምክ አንተም ላይ ይዘረጉብሃል።»

ሶሊ የምትባለዋ ልጅ አልሳቀችም። በሽንት ቤቱ በር ፊት ቆማ ነበር።

«እትዬ ፋኢዛ፣ ይሄን ይጠቀሙበታል?»

«አዎ፣ ሁሌ።»

«ወዴት ነው የሚከፈተው?»

«ወደ ውስጥ» አለች ፋኢዛ ሳታስበው።

ሶሊ ሜትሯን ዘረጋች። የዊልቸሩ ርዝመት መቶ አሥር ሴንቲ ሜትር፣ የበሩ ስፋት ሰማንያ። በማዕዘኑ ዞራ የክፍሉን ርዝመት በውጭ ግድግዳው በኩል ለካች፤ መቶ ስልሳ፣ ለሁለቱ አይበቃም። ተመልሳ ከፋኢዛ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«ከገቡ በኋላ እንዴት ይዘጉታል?» አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ጋሽ ውብሸት ከደረጃው አፍ ላይ ቆሞ ቆቡን አወለቀ፤ መልሶ አደረገው።

«ይዘጋል» አለች ፋኢዛ።

«ከንፈርዎ ደርቋል። ውሃ ላምጣልዎት?»

«አልጠማኝም።»

ማርኩን ጻፈች። ለሚኪ ዘጠኝ፣ ለሦስቱ ስምንት ስምንት፣ ለሶሊ ሦስት።

«ሶሊ ምን አጠፋች?» አላት ጴጥሮስ ተገርሞ።

«ጥያቄ ታበዛለች።»

«ክላስም እንዲሁ ናት!» አለ ሚኪ፤ ሁሉም ሳቁ። ሶሊ ወረቀቱን አየች፣ ፋኢዛን አየች፣ የቁልፍ ዘለላውን የጨበጠውን የዘበኛውን እጅ አየች።

«ልክ ነው ቲቸር» አለች። «እንዳለ ይሁን።»

ከሄዱ በኋላ ፋኢዛ ባንኮኒው ላይ የተጣጠፈ ወረቀት አገኘች። ያው በር ተሥሏል፤ ማጠፊያው ብቻ ዞሮ ወደ ውጭ ይከፈታል። አናጺ በግማሽ ቀን የሚጨርሰው ሥራ ነው። ሳምንቱን ሙሉ አየችው። ከዚያ ካርቶኖቹን ቀስ በቀስ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ ወደ ቤቷ አስወሰደች። ቁልፉን ለጋሽ ውብሸት መለሰች። ክፍሉ ባዶ በሆነበት ማታ፣ ሲወርዱ አስተዳዳሪው ቢሮ እንዲያስገባት ለመነችው።

አስተዳዳሪው ሥዕሉን አየና ከመሳቢያው የተማሪዎቹ ሪፖርት ያለበትን ፋይል አወጣ።

«ባለሙያዎች አይተውት አልፏል እኮ። ‹ሁሌ እጠቀምበታለሁ› ብለሻል። ይሄ ፊርማ የማን ነው?»

«የኔ ነው። ግን ያቺ ሦስት የሰጠኋት ልጅ … ያወቀችው እሷ ነበረች።»

«የወደቀችዋ?» ሳቀና ፋይሉን ዘጋ።

ጋሽ ውብሸት በር ላይ ቆሞ ነበር። ዊልቸሩን ወደ መንገዱ ገፋው። «ነገ ሁለት ሰዓት ተኩል?» አላት።

«ሁለት ሰዓት ተኩል» አለችው።