ቀሚስ የለበሱ ገመዶች

«መስኮትሽን ሳየው፣ በዚያ ሳልፍ መሽቶ፣
ልቤ ደጅሽ ቀረ፣ መብራትሽን አጥቶ…»

ከዚህ በኋላ ያለውን፣ ሰፈሩ «ሽቦ» የሚለው ሰው አያውቀውም። ስለዚህ «እምም፣ እምም» እያለ ያልፈውና እንደገና ከመስኮቱ ይጀምራል። ጠዋት ፊቱን ሲታጠብም፣ ቢሮ ውስጥ ከፕሪንተር ሆድ የተቀረቀረ ወረቀት ሲጎለጉልም ያችው ዘፈን ናት፤ ሁልጊዜ ደጅ ላይ የምትቀር።

ዘፈኗ የአማቱ ነበረች፣ የሚስቱ አባት። ሰውዬው ካረፉ ወዲህ ከቤተሰቡ አንድም ሰው ከ«አጥቶ» ወዲያ መሄድ አልቻለም። የቀረው ግጥም እሳቸው በመጨረሻው ዓመታቸው ሲያንጎራጉሩ ልጃቸው በቀረጸችው ድምፅ ውስጥ ነው ይባላል። ድምፁ ያለው አንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ ሲሆን፣ ሃርድ ዲስኩ ደግሞ በሐር ቁራጭ ተጠቅልሎ በሚስቱ የልብስ ስፌት መኪና መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። ይከፈትበት የነበረው ኮምፒውተር ግን ከሰውዬው ሞት በኋላ ብዙም ሳይቆይ ተከትሏቸው ሄዷል።

የሚስቱ ወንድም፣ መኪና መንዳት የሚያስተምረው፣ ቀላል ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ዲስኩን ሽቦ ቢሮ ይዞት ይሂድና ይክፈተው አለ። ሽቦ ተቀየመ። የእንዲህ ያለ ሰው ድምፅ የደመወዝ መክፈያ በሚታተምበት ኮምፒውተር አይሰማም፤ እኔ በገዛ እጄ በገጣጠምኩት እንጂ፣ ብሎ አወጀ። እሑድ ምሳ ላይ የሚስቱን እናት፣ እማማን፣ ጠርቶ ሊያሰማቸውም ቃል ገባ። ሽቦ ቃል ሲገባ ጥሩ ድምፅ አለው።

እሑድ ደረሰ። እማማ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ መነጽራቸውን ወልውለው፣ ለመስማት መነጽር ምን እንደሚያደርግላቸው እንጃ፣ ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሾርባውና ድንቹ ቀረበ። ሽቦ «ሳላስነሳው አልበላም» አለ። እሱ ካልበላ ደግሞ ማን ይቁረስ? የሚስቱ ወንድም ድንቹን በናፍቆት ያየው ጀመር።

ሽቦ የገጣጠመውን ኮምፒውተር የመነሻ ቁልፍ ተጫነ። ማራገቢያው እንደሚያዛጋ ድመት አንዴ ተንቀሳቀሰና ቆመ። ደገመው። አሁንም እንደዚያው። ሽቦ እንደ ሐኪም ፊቱን አጠቆረ። ሜሞሪውን ነቀለ፤ መልሶ ሰካ። ሶኬቱን ጠረጠረና የሚስቱን የስፌት መኪና ሰክቶ ሞከረ፤ መኪናው ምንም ሳይሰፋ በደስታ ተንጣጣ። በመጨረሻ ፓወር ሰፕላዩን፣ ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ሳጥን፣ ለብቻው ነጥሎ፣ ከዋናው ገመድ ጫፍ ሁለቱን ቀዳዳ በታጠፈ ሽቦ አገናኘ። ጤነኛ ከሆነ ማራገቢያው መዞር ነበረበት። አልዞረም።

ቀና ብሎ መርዶውን ተናገረ። ፓወር ሰፕላዩ ሞቷል፤ የሸጠለት ሰው የለየለት አጭበርባሪ ነው፤ የሠራው ፋብሪካም ኅሊና የለውም።

«ጋሼ» አለ የሚስቱ ወንድም፣ «እኔ ተማሪዬ መኪናው አልነሳ ሲለው መጀመሪያ ምን እንዳደረገ ነው የምጠይቀው። ፋብሪካው ኋላ ይደርሳል።»

ሽቦ ስልኩን አነሳ። ሻጩ ጋ ደወለ። ሻጩ ያለ ክርክር ይቀይርለታል፤ ግን ዕቃው ከካርቶኑ ጋር፣ ሲገዛ አብሮት የነበረው ሁሉ ሳይጎድል ይምጣ አለው። ሽቦ ዋናውን ገመድ ከፓወር ሰፕላዩ ነቅሎ እንደያዘ፣ በአሸናፊ እርምጃ ካርቶኑን ከአልጋ ስር ሊያወጣ ሄደ።

አልጋው ስር ምን እንዳለ መናገር ያስፈልጋል። ሰፈሩ «ሽቦ» ያለው ስለቀጠነ አይደለም። ይህ ሰው ገመድ አይጥልም። የሞተ ሬዲዮ፣ የሞተ ስልክ፣ የሞተ ካውያ፣ ሁሉም ገመዳቸውን አውርሰውት ነው የሞቱት። ከእነዚያ ሁሉ የሚወዳቸው ግን የአንድ የሞተ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ገመዶችን ነበር። ሚስቱ ለልደቱ ከቀሚስ ትራፊ ቀይና ወርቅማ እጅጌ ሰፍታ፣ አንድ በአንድ አልብሳቸዋለች። አዲሱ ኬዝ፣ የኮምፒውተሩ ቀፎ፣ ጎኑ መስታወት ነው። ታዲያ እማማ በመስታወቱ ሲያዩ እርቃናቸውን የቀሩ ጥቋቁር ገመዶች ይዩ? ሽቦ ሲገጣጥም የለበሱትን ወሰደ። ጫፋቸው ከአዲሱ ጋር ልክ ገጠመ። ከገጠመ ምን ይጠየቃል?

ካርቶኑ ውስጥ አዲሱ ፓወር ሰፕላይ ይዟቸው የመጣቸው ገመዶች ከነፌስታላቸው ተኝተዋል። ሽቦ እንዳይቀላቀሉበት ብሎ ነቅሎ ያመጣውን አሮጌ ገመድ ከአዲሱ ዋና ገመድ ጋር ጎን ለጎን ያዘው። ያን ጊዜ አየው። በፓወር ሰፕላዩ በኩል ባለው ጫፍ፣ በአንደኛው ባዶ የሆነው ቀዳዳ በሌላው ሽቦ አለበት። ቅርጻቸው አንድ ነው፤ ውስጣቸው ግን ለየራሱ ነው። ፓወር ሰፕላዩ አልሞተም። ኤሌክትሪኩ ያለ ቦታው ሲሄድ አይቶ፣ በተጫነው ቁጥር ራሱን እያጠፋ የሌሎቹን ነፍስ ሲያተርፍ ነበር፤ ስድብ እየጠጣ።

ቀጥሎ ሌላ ሐሳብ መጣበት። ከለበሱት አንዱ የሃርድ ዲስኩ ገመድ ነው፤ ዲስኩ ተሰክቶበት ከነበረ ድምፁ ተቃጥሎ ይሆናል።

ሮጦ ወደ ሳሎን ተመለሰ። «ዲስኩን ሰክቼዋለሁ እንዴ?» አላት ሚስቱን።

«አልሰጠሁህም እኮ» አለች ድንቹን እየሸፈነች። «መጀመሪያ ራሱ ይነሳ፣ ከዚያ አባቴን እሰጥሃለሁ አላልኩህም? የአንተን ሙከራ አውቀዋለሁ።»

ሽቦ መሬት ላይ ቁጭ አለ። የለበሱትን ገመዶች አንድ በአንድ ፈታና ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። «ያማሩ ነበሩ» አላት፤ «የኔ ነው ጥፋቱ።» እሷ እጅጌዎቹን አስተካክላ አጣጠፈች። አልሳቀችበትም፤ ያ ደግሞ ከሳቅ ይከብዳል።

ጥቋቁሮቹ ተሰኩ። ማራገቢያው ዞረ፤ ዞሮም አልቆመም። ሚስቱ መሳቢያውን ከፍታ ከሐሩ ውስጥ ዲስኩን አወጣችለት። ትንሽ ቆይቶ ቤቱ ውስጥ ሳል ተሰማ፤ የእሳቸው ሳል። ከዚያ መስኮቱ፣ ማለፉ፣ መምሸቱ። የሚስቱ ወንድም እንኳ ማኘኩን ተወ፤ መቼ እንደጀመረ ያየ የለም። «ልቤ ደጅሽ ቀረ፣ መብራትሽን አጥቶ…» አሉ ሰውዬው፤ ትንፋሽም ወሰዱ። ሽቦ ለሚመጣው ግጥም ዓይኑን ጨፈነ።

«እምም፣ እምም» አሉ ሰውዬው። ተመልሰውም ከመስኮቱ ጀመሩ።

ሁሉም ወደ እማማ ዞሩ። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ እየጠራረጉ ነበር፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ አይለይም።

«መች ያውቀው ነበር?» አሉ። «ደጄ ቆሞ ሲዘፍንልኝም እዚያች ላይ ሲደርስ ነው የሚያጉረመርመው። እኔ እኮ የመጣሁት ይህችኑ ልሰማ ነው።» ከዚያ ሽቦን አዩትና ወንበር ሳቡለት። «በል አሁን ብላ፣ ልጄ።»

ሽቦ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። ሾርባው በርዶ ነበር። «እምም» እያለ ጠጣው።