ሸክላ ሠሪዋና የቆሰለችው ጅብ

ስለ አውሬ የሚጠይቀኝ ሰው አጥቼ አላውቅም። በወረዳው የዱር እንስሳት ባለሙያ ሆኜ ቡሬ ከገባሁ ጀምሮ፣ ለቅሶ ቤት ስቀመጥም ሆነ ለስብሰባ ፍኖተ ሰላም ስሄድ ባጃጅ ውስጥ ከማላውቀው ሰው ጋር ስጣበብ፣ ጥያቄው ይከተለኛል። ጃርት እሾኋን እንደ ቀስት ትወረውራለች ወይ? አትወረውርም፤ የሚሰካብህ ስትነካት ነው። ጉሬዛ ከዛፍ ወርዶ ውኃ የማይጠጣው ባሕታዊ ስለሆነ ነው ወይ? አይደለም፤ ከሚበላው ቅጠል የሚያገኘው ውኃ ይበቃዋል። ጅብስ አንድ ዓመት ወንድ፣ አንድ ዓመት ሴት ይሆናል ወይ? አይሆንም፤ ሴቷ በአካሏ ወንዱን ስለምትመስል ሰው ይሳሳታል። ይህን የመጨረሻውን ስመልስ ወንዶቹ ይስቃሉ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ፣ እኔ እናደዳለሁ። እናቴ በሕይወት ሳለች “አስተምሬ አስተምሬ የጅብ ነገረ ፈጅ አደረግሁሽ” ትለኝ ነበር።

ከጥያቄዎቹ አንዱ ግን የሚያስቅ አልነበረም። መስከረም አልፎ በቆሎው መድረቅ በጀመረበት ሰሞን፣ ከቡሬ ወጣ ካለ ገጠር አንድ የቀበሌ ሊቀመንበር ደወለልኝ። ጅብ በረት ሰብሮ በግ ወሰደ አለኝ። እንዲህ ያለ ስልክ ስለለመድሁ በረቱን በእሾህ አጥብቁት ልለው ስል አቋረጠኝ። ባለበጉ ጅቡን የኋላ ቀኝ እግሩን በጦር ወግቶት ነበር፤ ጅቡ ግን አመለጠ። በማግስቱ የመንደሩ ሸክላ ሠሪ እያነከሰች ውኃ ልትቀዳ ወረደች። ከዚያ ወዲህ መንደሩ ሌላ ወሬ የለውም። “መጥተሽ አንድ ነገር መልሽልን” አለኝ። ምኑን እንደምመልስ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

እኛ አገር ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው ይባላል። ቡዳ ደግሞ ሲመሽ ጅብ ይሆናል ይባላል። ጅብ በወጋህ ማግስት ከእነሱ አንዱ ቆስሎ ከታየ፣ የወጋኸው እሱን ነው። እኔም በልጅነቴ ይህን እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ የነገሩኝም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። በሠሩት ማረሻ ይታረሳል፣ በሠሩት እንስራ ውኃ ይቀዳል፣ ልጃቸው ግን አትታጭም። ገበያ ላይ እንኳ ሸክላ ሠሪዋ ዕቃውን መሬት ታስቀምጠዋለች፣ ገዢው ከመሬት ያነሳዋል፤ እጅ ለእጅ አይቀባበሉም።

እንደደረስሁ በቀጥታ ወደ ቤቷ ሄድሁ። ሊቀመንበሩ ደስ አላለውም፤ መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን ባገኝ ይሻል ነበር አለኝ። ይሻል ይሆናል። ሴትዮዋ ባሏ የሞተባት፣ ፊቷ የጠቆረ፣ ንግግሯ ቁጥብ ናት። አንዲት ትምህርት የጀመረች ልጅ አለቻት፤ ወሬው ከተነሳ ወዲህ ልጅቷ ከጓሮ አልፋ አታውቅም። እናትየዋ እግሯን አሳየችኝ። ሸክላ ስታቃጥል ፍም ረግጣ የግራ ውስጥ እግሯ ተልጧል። ጅቡ የተወጋው በቀኝ እንደሆነ ነገርኋት፤ ቁስሉም የእሳት እንጂ የጦር አለመሆኑ ለማንም ይታያል አልሁ። ቀና ብላ አየችኝ፤ የታዘነልኝ እኔ ሆንሁ።

እስከ እሑድ ካልወጣች ቤቷን እናቃጥላለን ያሉ ጎረምሶች አሉ። ወዴት ትሄጃለሽ ብላት፣ የትም ብትሄድ ሸክላ ሠርታ እንደምትኖር፣ ሸክላ ከሠራች ደግሞ የትም ያው እንደሆነች ነገረችኝ። እዚህ ቢያንስ የምትቆፍረው አፈር ጥሩ ነው፤ የባሏም መቃብር እዚሁ ነው።

ሰዉ ዋርካው ሥር ተሰብስቦ ጠበቀኝ። ሁሉም የሚያከብሯቸው አንድ አዛውንት በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ስለ ዝናቡ መልካምነት፣ ስለ መንገዱ ርቀት፣ ስለ ድካሜ ተናገሩ፤ ወደ ነገሩ የመጡት ዞር ዞር ብለው ነው።

“ልጄ፣ አውሬን መንግሥት ያስተማረሽ አንቺ ነሽ። እኛ ያልተማርን ነን። እንደው ለመሆኑ፣ ሰው ጅብ ይሆናል ወይስ አይሆንም?”

“አይሆንም፣ አባቴ።”

“አላየሁም ማለትሽ ነው ወይስ የለም ማለትሽ?”

“የለም ማለቴ ነው።”

“እግዚአብሔርንም አላየሽውም” አሉኝ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ።

ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። የግራውንና የቀኙን እግር ነገር አነሣሁ፤ ጅብ ሲሆኑ ይገለበጣል አለ አንዱ ከኋላ። የእሳት ቁስል ነው አልሁ፤ የጦሩን ቁስል በእሳት ደብቃው ነው ተባልሁ። ኮሌጅ የተማርሁት ሁሉ አንድ በአንድ ከእጄ ወደቀ። አንድን ነገር የለም ብሎ ማስረዳት ከባድ ነው፤ በተለይ በጉ የተበላበት ሰው ፊት ለፊትህ ተቀምጦ።

ስለዚህ ጅቡን እንፈልገው አልሁ። እግሩን የተወጋ ጅብ ሩቅ አይሄድም፤ ከበቆሎው በታች ያለው ሸለቆ ውስጥ መሆን አለበት። ሐሳቡን አዛውንቱ ወደዱት፤ ግን ጨመሩበት። ሴትዮዋም አብራ ትሂድ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አይተን እንገላገል አሉ። እኔም እውነት ለመናገር ደስ አለኝ፤ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም ብዬ እሺ ልል አፌን ከፈትሁ።

ሴትዮዋ ከሰዉ ጀርባ ለብቻዋ ቆማ ነበር። እያነከሰች ወደ መሐል መጣች።

“አባቴ፣ አህያ ‘አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ’ አለች ይባላል። ልታስወጡኝ ከሆነ አስወጡኝ። ሰው መሆኔን ላስመሰክር ብዬ ግን ጅብ ፊት ሄጄ አልቆምም።”

ይህን ብላ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ደጇ ከዋርካው ሥር ወለል ብሎ ይታያል። ልጇን ጠርታ ውኃ አስመጣች፤ የተነከረውን ጭቃ ጎትታ ቁጭ አለችና ማሸት ጀመረች። ማንም አልከለከላትም። እኔ አፌን ዘጋሁ።

በመጨረሻ ጅቡ ሲገኝ እሷ የት እንደነበረች እንዲታወቅ አዛውንቱና ሌላው ሰው እዚያው ሆነው እንዲያዩዋት፣ እኔ ከባለበጉና ከደብሩ ቄስ ጋር ጅቡን እንድፈልግ ተስማማን። ባለበጉ ጦሩን ያዘ። በቆሎው መሐል የደረቀ ደም አገኘን፤ ከዚያ ሦስት እግር የረገጠበት፣ አራተኛው የተጎተተበት ዱካ። ዱካውን ይዘን ወደ ሸለቆው ወረድን። ሽታው ቀድሞ ደረሰን።

ድንጋይ ሥር ተኝታ ነበር። ሴት ናት። ስታየን ጥርሷን ልታሳይ ሞከረች እንጂ መነሣት አልቻለችም። የኋላ ቀኝ እግሯ አብጦ ዝንብ ለብሷል። ባለበጉ ጎንበስ ብሎ ቁስሉን አየና የእኔ ጦር ነው አለ። እኔ ያየሁት ጡቷን ነው፤ ወተት ሞልቶ ተወጥሯል። ግልገል አላት ማለት ነው፤ የት እንዳሉ ግን እሷ ብቻ ናት የምታውቅ። ለቆሰለ ጅብ የሚሆን መድኃኒትም ሆነ ብልሃት አልነበረኝም። ባለበጉ ጦሩን አነሣ፤ ትንሽ ቆየና መልሶ አወረደው። ቄሱ በቀስታ “አየን፣ በቃ” አሉ። ትተናት ወጣን።

ስንመለስ ሴትዮዋ ከደጇ ንቅንቅ አላለችም። ጭቃው ድስት ሆኖ ፊቷ ቆሟል፤ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ትዳብሳለች። ሰዉም እንዳለ ነው፤ ልጆች እንኳ አልተበተኑም። ባለበጉ መሐል ቆሞ የወጋትን ጅብ በዓይኑ እንዳየ፣ ጦሩ የገባበትን እንዳወቀ ተናገረ። ቄሱም መሰከሩ። ሁሉም ወደ አዛውንቱ ዞረ።

“እንግዲህ” አሉ፣ “ይህችኛዋ ጅብስ እሷ አይደለችም።”

ያን ቃል ስሰማ መጮህ አማረኝ። ይህችኛዋ! የሚቀጥለው በግ ሲበላ፣ የሚቀጥለው እግር ሲያነክስ እንደገና ልጠራ ነው ማለት ነው። ሰዉ ግን ነገሩ አለቀ ብሎ ተነሣ። ይቅርታ የጠየቃት የለም። ሊቀመንበሩ ጠላ ቅመሽ ብሎ ለመነኝ፤ መንገዱ ይመሽብኛል ብዬ ሄድሁ።

ኅዳር ላይ ዝንጀሮ በቆሎ ፈጀብን ብለው ሲጠሩኝ ወደዚያው ተመለስሁ። ቤቷ አለ። ልጅቷም ትምህርት ቤት መመላለስ ጀምራለች፤ ስደርስ ደጅ ተቀምጣ ሸክላውን በለስላሳ ጠጠር ትወለውል ነበር። ሴትዮዋ መቀመጫ ሰጥታኝ እሷ ቆማ ቀረች። ካወቅኋት ጀምሮ ስለ አውሬ ጠይቃኝ አታውቅም ነበር።

“ያቺ ጅብ ሞተች?” አለችኝ።

“ሞተች።”

“ወተት ነበራት ይላሉ።”

“ነበራት።”

“ግልገሎቿን ሌላ ጅብ አታጠባቸውም?”

ብዋሻት ወደድሁ፤ ግን ይህችን ሴት የዋሿት ብዙ ናቸው። “አታጠባቸውም” አልኋት። “አብረው ይኖራሉ፣ አብረው ያድናሉ፣ ግን እያንዳንዷ የራሷን ብቻ ነው የምታጠባ።”

ልጇን አየቻት። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ መወልወሏን ቀጥላለች።

“እኔም የፈራሁት ይኼንኑ ነበር” አለች። “መባረሩን አይደለም። የሆነ ነገር ቢያደርጉኝ፣ እሷን በእጁ የሚያጎርሳት ማን ነው ብዬ።”

ስለ ጅብ ለጠየቀኝ ሁሉ መልስ ነበረኝ፤ ይኼ ግን ስለ እኛ ነበር።

ልነሣ ስል ጠብቂኝ ብላ ገባችና አንድ ድስት ይዛ ወጣች። ያን ቀን ዋርካው ሥር የተሰበሰበው ሰው ሁሉ እያያት የሠራችው ነው፤ ተቃጥሎ ጠቁሯል፣ አፉ የተስተካከለ ነው። ላንቺ ነው አለችኝ። ውኃ የቀዱ ሴቶች በመንገዱ እያለፉ ነበር፤ እያዩን እንደሆነ አውቄያለሁ፣ እንዲያዩም ፈልጌያለሁ። ሁለት እጄን ዘረጋሁላት።

የተዘረጋውን እጄን አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ድስቱን እግሬ ሥር መሬት ላይ አስቀመጠችልኝና፣ እስካነሳው ድረስ እጇን ሰብስባ ጠበቀች።