ያልገለጥሁትን መጽሐፍ ይዤ ወደ ጫኖ

ሰኞ ንጋት፣ ጨንቻ

ኪዳን አድርሰን ስንወጣ ጉሙ ከቀርከሃው አጥር ላይ ገና አልተነሣም። ጋቢዬን ደርቤ፣ አፕል የሞላሁትን ዘንቢል አንጠልጥዬ ወደ መናኸሪያው ልወርድ ነው፤ አስቀድሜ ግን በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆሜ የንስሐ አባቴን ጠበቅሁ። በዕድሜ ልጄ ሊሆኑ የሚችሉ ካህን ናቸው፤ በነፍሴ ጉዳይ ግን አባቴ እርሳቸው ስለሆኑ ሳላማክራቸው ይህን ጉዞ ልጀምር አልወደድሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና በሰሙነ ሕማማት፣ በስግደት ላይ ሳለሁ፣ ከጀመርሁት ልብ ወለድ ውስጥ አንዲት ሴት ትዝ አለችኝ፤ የጠፋች በቅሎዋን ፍለጋ ወንዝ ስትሻገር ነበር የተውኋት። ግንባሬ መሬት ሲነካ «በቅሎዋን አገኘቻት ይሆን?» እላለሁ፤ ስነሣ «ወንዙ ሞልቶ ይሆን?» እላለሁ። አፍሬ ተናዘዝሁ። ዘንድሮም ዐቢይ ጾም እስኪፈታ ድረስ ልብ ወለድ የሚባል እንዳላነብ ቃል ገባሁ። ይኸው ጾሙ በተጋመሰ ማግስት፣ ለዓመታት ዝም ብሎ የቆየው፣ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ደራሲ አዲስ ልብ ወለድ ማውጣቱን ሰማሁ።

«አባ፣ አርባ ምንጭ ወርጄ መጽሐፉን ልገዛው ነው፤» አልኋቸው።

«ለማን?»

«ለመምህር ሻንካ። ዓይኑ እየከዳው ነው።»

«መግዛት ማንበብ አይደለም፣ መሪጌታ፤» አሉና መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ጥቂት ራመድ ካሉ በኋላ ግን ዘወር ብለው፣ «ሲመለሱ የዘንቢሉን አፍ አጥብቀው ይቋጥሩት እንጂ!» አሉኝ።

ረፋድ፣ ከመናኸሪያው እስከ ቁልቁለቱ

ሚኒባሷ እስክትሞላ ድረስ ስለ ወዳጄ ልንገራችሁ። መምህር ሻንካ ዕድሜውን ሙሉ በጨንቻ ትምህርት ቤት ያስተማረ፣ ጡረታ ሲወጣም ልጁ የሙዝ ማሳ ወዳለበት ወደ ጫኖ የወረደ የጋሞ ሰው ነው። እርሱ ፕሮቴስታንት፣ እኔ ኦርቶዶክስ፤ በሃይማኖት ነገር ለዓመታት ተከራክረን አንዳችን ሌላውን አልረታንም። በደራሲያችን ነገር ግን የአንድ ደብር ሰዎች ነን። መጻሕፍቱን ሁሉ አንዳንድ ቅጂ እየገዛን፣ ምዕራፍ እየተቀያየርን፣ ጮክ ብለን አንብበናቸዋል።

አሁን ግላኮማ ይዞታል። ሐኪሙ «የሄደው አይመለስም፤ ያለው እንዳይሄድ ጠብታውን አታቋርጥ» ብሎታል። እርሱ እንደሚለው ዓለምን በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያይ ሰው ሆኗል፤ ከክረምት ወዲህ መጽሐፍ አልያዘም። ባለፈው ሳምንት ስለ አዲሱ ልብ ወለድ በስልክ ስነግረው፣ «ይህን አንዱን በራሴ ዓይን ላንብበው። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ በአንተ ድምፅ እሰማለሁ፤ ይህን ግን በዓይኔ፤» አለኝ። እኔም እንደማደርስለት ነገርሁት።

ስልኩን ሳንዘጋ ተወራረድን። የደራሲያችን መጻሕፍት ሁሉ በዝናብ ይጀምራሉ፤ አንዱ በካፊያ፣ አንዱ በበረዶ፣ አንዱ ቆርቆሮ በሚደበድብ ዶፍ። «ይህም በዝናብ ይጀምራል» አልሁ። እርሱ ደግሞ «ሰው ሲያረጅ ዝናብ ይፈራል፤ በደረቅ ቀን ነው የሚጀምረው» አለ። እኔ ብረታ ከነግንዱ የተቆረጠ የሙዝ ዘለላ አለኝ፤ እርሱ ቢረታ ይህ ዘንቢል አፕል።

«አባባ፣ አፕሉ ለገበያ ነው?» ሲል ሾፌሩ በመስተዋቱ አየኝ።

«የለም፣ ለውርርድ ነው።»

«ቄስ ይወራረዳል እንዴ?»

«ቄስ አይደለሁም፤ መሪጌታ ነኝ።»

«እሺ፣ መሪጌታስ ይወራረዳል?»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ዶርዜን አልፈን ቁልቁለቱን ስንይዝ ጉሙ ከኋላችን ቀረ። በየደጃፉ የተወጠረ የሸማኔ ድር፣ እንሰት፣ ባሕር ዛፍ፣ ከዚያም እጥፋት በእጥፋት የሚወርድ ቀይ መንገድ። ጆሮዬ ተደፈነና ተከፈተ። ከታች የአባያ ሐይቅ ቡናማ ሆኖ ተዘርግቷል። በመጀመሪያው ጠመዝማዛ ጋቢዬን አወረድሁ፣ በመጨረሻው ኮቴን፤ ቆላው እንዲህ አድርጎ ነው የሚቀበለን።

ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው ዋና መንገድ በጫኖ በኩል ያልፋል። መምህር ሻንካ ከመንገዱ ዳር፣ ከማንጎው ሥር፣ ነጭ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ተቀምጦ ነበር። መኪና ሲመጣ ፊቱን ያነሣል፤ ሲያልፍ ይመልሳል። «ወራጅ» ልል ቃሉ አፌ ላይ ደረሰ። ባዶ እጄን ልወርድበት ግን አልቻልሁም። እንደማያየኝ እያወቅሁ ከመስኮቱ ፈቀቅ ብዬ አለፍሁት።

ቀትር፣ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር

የኩልፎን ድልድይ ስንሻገር ሙቀቱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ፊት ላይ ይለጠፋል። ሙዝ የጫኑ ጋሪዎች ከባጃጆቹ ጋር ይጋፋሉ። የተጠበሰ ዓሣ ሽታ ከየምግብ ቤቱ ይወጣል፤ ጿሚ ነኝና በማዶ በኩል አለፍሁ። መጽሐፍ መደብሩ ውስጥ ስገባ ያየሁት ባዶ መደርደሪያ ነው፤ ልቤ ደነገጠ።

«አባቴ፣ አይደንግጡ፤ በስልክ እንዳሉኝ አስቀምጬልዎታለሁ» አለች ሻጯ። ከባንኮኒው ሥር ጎንበስ ብላ አወጣችው። «የመጨረሻው ነው። ትናንት ሦስት ሰው ለምኖኛል፤ የለም ብዬ ዋሸሁልዎ።»

«እንግዲህ ንስሐ የምንገባው ሁለታችን ነን።»

ዋጋው ከጠበቅሁት ይልቅ ጨምሯል፤ አልተከራከርሁም። መጽሐፉን በሁለት እጄ ተቀበልሁት። የአዲስ ወረቀትና የሙጫ ሽታ አለው። ሽፋኑ ላይ በር ተሥሏል፤ ክፍት ይሁን ዝግ አይለይም። አውራ ጣቴ ራሱ ዐውቆ ከሽፋኑ ሥር ገባ።

«አጀማመሩ እኮ...» አለች።

«ልጄ፣ ስለ እግዚአብሔር ዝም በይ! በጋዜጣ ጠቅልዪልኝ።»

«አይገልጡትም? ሌላው ሰው እዚሁ ቆሞ ነው የሚጀምረው።»

«እኔ ጾመኛ ነኝ።»

ግራ እንደ ገባት ጠቀለለችው፤ በሲባጎም አሰረችልኝ። እኔም የዘንቢሉን አፍ፣ እንደ ተመከርሁት፣ አጥብቄ ቋጠርሁት።

ከቀትር በኋላ፣ ወደ ጫኖ

በመልሱ ሚኒባስ ከጎኔ የተቀመጠችው ወደ ቤተሰቦቿ የምትሄድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ገና ከተማውን ሳንወጣ ከቦርሳዋ ያንኑ በር የተሣለበትን መጽሐፍ አውጥታ አታነብ መሰላችሁ! ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ። መስኮቱ ሙዝ፣ ማንጎ፣ ጥጥ፣ ደግሞም ሙዝ ያሳየኛል። መጽሐፉን ላለማየት ቃል ገብቻለሁ፤ የልጅቱን ፊት ላለማየት ግን ቃል አልገባሁም። ስለዚህ እርሱን አየሁ። ፈገግ አለች። ቅንድቧን ሰበሰበች። ከንፈሯን ነከሰች፤ ከዚያም ጣቷን ገጹ መካከል አድርጋ መጽሐፉን ከደነችውና ወደ ሐይቁ ዐይኗን ላከች።

«ልጄ፣ ጥሩ ነው?»

«ልንገርዎ አባባ? ሰውዬው...»

«የለም፣ የለም፣ ሰውዬውን ተዪው! ጥሩ መሆኑን ብቻ ንገሪኝ።»

ጣቷን ከገጹ ሳታወጣ፣ «መውረጃዬ እንዳያልፈኝ እየፈራሁ ነው» አለች። ከዚህ የበለጠ ምስክርነት ለየትኛውም ደራሲ አይገኝም ብዬ መረቅኋት።

ጫኖ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ

መምህር ሻንካ ከዚያው ማንጎ ሥር ነበር። ስወርድ በአካሄዴ ዐወቀኝ፤ እጁን ዘርግቶ የፈለገው ግን እኔን ሳይሆን ዘንቢሉን ነው።

«ገለጥኸው?»

«አልገለጥሁም።»

«ማል!»

«አንተ ነህ መሐላ አይገባም እያልህ ስትሰብከኝ የኖርኸው።»

ቤቱ ስንደርስ ባለቤቱ እትዬ አስቴር ኩርኩፋውን ሸፍና አቆይታልኛለች፤ ሰሜኖቹ ሽፈራው በሚሉት በሃላኮ ቅጠል የተሠራ የበቆሎ ድብልብል። «ቅቤ አልነካውም፣ መሪጌታ። ዘጠኝ ሰዓትም አልፏል፤ ይብሉ» አለች። እርሱ ከእኔ ጋር ሊበላ ቀርቦ ነበር፤ ነገር ግን ጥቅሉ ላይ ያለውን ሲባጎ በጣቱ ሲፈታ ምግቡ ቀዘቀዘ።

ከዚያ ወንበሩን ወደ ብርሃኑ አዞረ። ማጉያ መነጽሩን ያዘ። እኔ ጀርባዬን ለመጽሐፉ ሰጥቼ ወደ ሙዙ ማሳ ዞርሁ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ላለማየት ነዋ። ማዳመጥ ማንበብ አይደለም።»

«ይህን ማን ፈቀደልህ?»

«ራሴ።»

ሳቀና ጀመረ። «ዝናቡን... ሲጠብቅ...» ቆመ። «ዝናቡን ሲጠብቅ... ምድጃው...» አለ። እንደገና ቆመ። መሥመሩ ጠፍቶት ወደ ታች እንደ ወረደ ገባኝ። ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ ወደቀ። ደግሞ ጀመረ። ውርርዱን ሁለታችንም ረሳነው። በመጨረሻ መጽሐፉ ሲከደን ሰማሁ፤ ለስላሳ ድምፅ ነበር፣ በአጠገቡ የተኛ ሰው ያለ ይመስል።

«መሪጌታ ያንብቡልህ» አለች እትዬ አስቴር ቀስ ብላ።

«ጾም ይዟል። ደግሞም...» ቃሉን አልጨረሰውም። እኔም ደግሞም ምን እንደሆነ ዐውቃለሁ። በራሱ ዓይን ነበር የፈለገው።

ተነሥቼ ወደ መስኖው ቦይ ሄድሁ። ለምን እንደ ሄድሁ አላውቅም፤ ምናልባት ፊቴን ላለማሳየት። ቦዩ ዳር ቀጥ ያለ ደረቅ ሣር ቆሞ አየሁ። ልጅ ሳለሁ የኔታ እንዲህ ያለ ስንደዶ አስይዘው ፊደሉን አንድ በአንድ ያስነኩን ነበር፤ ጣት ገጹን እንዳያሳድፍ፣ ዓይንም ከመሥመሩ እንዳይባዝን። ሣሯን ቀጠፍኋትና ተመለስሁ። ወንበሬን ከወንበሩ አስጠግቼ መጽሐፉን በጉልበታችን መካከል ከፈትሁት፤ የሣሯንም ጫፍ ከመጀመሪያው ቃል ሥር አሳረፍሁ።

«ሌላውን ሁሉ ተወው። ይህችን ጫፍ ብቻ እይ።»

አጎነበሰ፤ ጫፏን እስኪያገኛት ራሱን ወዲያና ወዲህ አለ። «ዝናቡን» አለ። ሣሯን አሻገርኋት። «ሲጠብቅ።» አሻገርኋት። «የኖረው... ሰውዬ... በዚያ... ሌሊት...» መሥመሩ አለቀ፤ ሣሯን አንሥቼ ከሚቀጥለው መሥመር ራስ ላይ አኖርኋት፤ ዓይኑ ተከተላት። «በሩን... ሳይዘጋ... ተኛ።»

ዐረፍተ ነገሩን ዳግመኛ በአንድ ትንፋሽ አለው። እትዬ አስቴር ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። እኔ ግን ጊዜ አላጠፋሁም።

«ዝናብ! ገና የመጀመሪያው ቃል ዝናብ ነው። ሙዙን ቁረጥ!»

«የት ዘነበ? ጠበቀ እንጂ አልዘነበም! አፕሉን ወዲህ በል።»

«ሁለቱንም እኔ ወስጃለሁ» አለች እትዬ አስቴር። ዘንቢሉንም አነሣችው።

ቀጠልን። ሰውዬው ተነሣ፣ ደጅ ወጣ፣ ሰማዩን አየ። መምህር ሻንካ በዝግታ፣ ቃል በቃል፣ ግን ራሱ ያነብባል። አንድ ገጽ ገለጥሁ፤ ሌላም ገለጥሁ። የሙዙ ቅጠል ጥላ እግራችን ላይ ደርሷል።

«መሪጌታ» አለኝ ድንገት።

«አቤት።»

«ሣሩን ከቃል ወደ ቃል የሚያሻግረው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ።»

«ቃሉ የት እንደሚያልቅ ሳታይ?»

እጄ ቆመች። ከመጀመሪያው መሥመር ጀምሮ ዓይኔን ከገጹ አላነሣሁም። እንዲያውም ከእርሱ በአንድ ቃል እየቀደምሁ ሳነብ ኖሬአለሁ።

«ገደፍህ! መሪጌታ ጾሙን ገደፈ!» ብሎ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቀስ ብሎ ጠፋና እጁን ወደ ሽፋኑ ላከ። «ይበቃል፣ ወንድሜ። ፋሲካ ሩቅ አይደለም። እጠብቅሃለሁ።»

ዓይኖቹን አየኋቸው። ፋሲካ በእርግጥ ሩቅ አይደለም፤ እነዚህ ዓይኖች ግን የማንን ቀጠሮ እንደሚጠብቁ እርሱም እኔም አናውቅም። ሊከድነው ሲል መዳፌን ገጹ ላይ አኖርሁ።

«ለአባ የምነግራቸው እኔ ነኝ። የት ደርሰን ነበር?»

ከዋናው መንገድ ወደ ጨንቻ የሚወጣው የመጨረሻው መኪና ጡሩምባውን ነፋ፤ ደግሞ ነፋ፤ ሄደም። ሣሯን ወደሚቀጥለው ቃል አሻገርኋት። መምህር ሻንካ አጎነበሰ፣ ጫፏን ፈለገ፣ አገኛት፣ አነበበም።