ስቆጥር የዘለልኩት ቤት

ዓመቱን በትክክል ልናገር ብል እዋሻለሁ። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ነበር ወይስ ሊወጣ ሲል፣ እሱም ይምታታብኛል። የማስታውሰው የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ሰሞን እንደነበረ ነው፤ ስለዚህ ነሐሴ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ ቤቴ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን አውጥቼ ስሠራ አርባ ዓመት አልፎኛል። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቀረ ስለሆነ አጻጻፌ ቢወላገድ ይታለፍልኝ።

ልጄና ባሏ ከእኔ ጋር ነው የሚኖሩት፤ የልጅ ልጄ ያን ጊዜ ስድስት ዓመቷ ነው። ለአንደኛ ክፍል ልለካት አቆምኳት። ሜትሩን ከትከሻዋ እስከ ጉልበቷ ስዘረጋ አንዱ ጎኗ ከሌላው ያጥራል።

«ቀጥ ብለሽ ቁሚ እንጂ የኔ እመቤት።»

«ቆሜያለሁ እኮ አባባ፤ መሬቱ ነው የተጣመመው።»

ሳቅን። በረንዳዬ ግን ሲሚንቶ ነው፤ በውሃ ልክ የተሠራ ነው። እንደገና ለካኋት፤ ያው ነው። ለእናቷ፣ ለልጄ ማለቴ ነው፣ አልነገርኳትም። ቀሚሱን አንዱን ጎን ትንሽ አስረዝሜ ሰፋሁትና ስትለብሰው ቀጥ ያለ መሰለ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት መጀመሪያ መሮጧ ሄደ፤ ቀጥሎ መራመዷ፤ ከዚያ ቃላቷ አንድ በአንድ። ጸበልም ወሰድናት፣ ሐኪም ቤትም ወሰድናት። አንዱ ሐኪም የነርቭ ነው ይላል፣ ሌላው የጡንቻ ነው ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ ወረቀቱን አገላብጦ ያየንና «እስቲ ከሦስት ወር በኋላ ተመለሱ» ይላል። እኔ ከዳገቱ እስከ አስፋልቱ በጀርባዬ አዝላታለሁ። የልጄ ባል የታክሲ ሹፌር ነው፤ ከሲ.ኤም.ሲ መገናኛ ነው የሚሠራው። ተሳፋሪ ሳይበዛ በጠዋት ያደርሰናል፤ ስንመለስ እንደምንም ብለን ነው። እንዲህ ስንመላለስ ጉልበቴ አለቀ። የኔስ ይለቅ፤ የልጄ ፊት ነው ያሳዘነኝ። በሠላሳ ዓመቷ አሮጊት መሰለች።

በመጨረሻ አንዲት ወጣት ዶክተር አገኘን። ይህችኛዋ ወረቀቱን አላገላበጠችም። ወንበሯን ስባ ልጅቷ አጠገብ ተቀመጠችና እጇን ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ እንዲህ አለችን፤ በሽታው በዘር የሚመጣ ይመስላታል፤ ከእናትና ከአባት የሚወረስ አንድ ትንሽ ስብራት ነው፤ ደሟ ውጭ አገር ተልኮ መታየት አለበት። በጣም ጥቂት ሰው ላይ የሚታይ ነገር ስለሆነ መድኃኒቱ ፋርማሲ አይገኝም።

«ግን» አለች፣ «አሁን አሁን ስብራቱ በትክክል ከታወቀ፣ ለአንድ ልጅ ብቻ መድኃኒት መሥራት የጀመሩ ሰዎች አሉ።»

እኔ በገባኝ መንገድ ጠየቅኳት። «ተሰቅሎ የሚሸጥ ሳይሆን፣ ተለክቶ የሚሰፋ ማለት ነው?»

«ልክ ነዎት አባባ። ለእሷ ልክ።»

«ለአንድ ሰው ብሎ ማን ይሰፋል ታዲያ?»

«ጥቂቶች ናቸው። ለእሷ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ቃል አልገባላችሁም።»

ልጄ ግን ቃል እንደተገባላት ነው የሰማችው። ምን ልበል፤ እኔም እንደዚያው ነው የሰማሁት። መድኃኒት የለም በተባልን ጊዜ እናለቅስና እንተኛ ነበር። ሊኖር ይችላል ከተባለ በኋላ እንቅልፍም የለ።

ዶክተሯ ነጭ ወረቀት አወጣችና የቤተሰቡን ዘር መሳል ጀመረች። ሴቷን ክብ፣ ወንዱን አራት ማዕዘን ታደርጋለች። እኔም አንዷ አራት ማዕዘን ሆንኩ። ከዚያ ቀና ሳትል ጠየቀች።

«ባልና ሚስቱ ዝምድና አላቸው?»

ልጄ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ የሳቀችው ያኔ ነው። «ዶክተር ደግሞ! በኛ ቤት ሰባት ቤት ሳይቆጠር ሴት ልጅ ትዳራለች? አባቴ ራሱ ነው የቆጠረው። ሱሪ እንኳ ሁለቴ ሳይለካ አይቆርጥም፤ እንኳን ዘር።»

ዶክተሯ ወደ እኔ ዞረች። «እውነት ነው አባባ?»

«ተቆጥሯል» አልኩ።

መቆጠሩስ ተቆጥሯል። ልጁ፣ የዛሬው የልጄ ባል፣ እሷን ሊያይ ብሎ አንዲት ሱሪ ሊያሳጥር ሦስት ጊዜ በረንዳዬ የመጣ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ቢጨምር ኖሮ ቁምጣ ትሆን ነበር። ባለቤቴ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሞታብኝ ነበር፤ ቤቱ ጨልሞብኝ ሳለ እሱ ሲመጣ ቤት ውስጥ ሳቅ ይሰማል። ወደድኩት። ሽማግሌ ሲልክ ታላቅ አጎቱ ተነስተው የልጁን ዘር ወደ ላይ ይቆጥሩ ጀመር። አባት፣ አያት፣ የአያት እናት አሉ። አራተኛው ቤት ላይ የአንድ ሰው ስም ጠሩና አገሩን ጨመሩበት፤ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ወደ ሱሉልታ መውረጃው። ያ ሰው የእናቴ እናት አባት ነው። ሁለት ሚስት እንደነበረው እናቴ ነግራኛለች። የልጁ ቅድመ አያትና የኔ አያት በአባት እህትማማች ናቸው ማለት ነው።

የኔ ተራ ሲደርስ ከልጄ ጀምሬ ስቆጥር በእናቴ በኩል ያለውን ሁለተኛው ቤት ላይ፣ እናቴ ላይ አቆምኩና፣ አራተኛው ላይ ያለውን ያን ሰው ሳልጠራ በአባቴ በኩል ያለውን ረጅሙን ቆጠርኩ። ማንም ልብ አላለውም። በሆዴ «አያቶቹ በእናት አይገናኙም፣ ምን ችግር አለው» አልኩ። በአባት ብቻም ቢሆን እንደሚቆጠር ግን አውቃለሁ። ሁሉም ሰው ያውቃል።

የደሟ ውጤት ከፋሲካ በኋላ መጣ። ዶክተሯ ባልና ሚስቱን ጠርታ እኔም አብሬ ሄድኩ። ስብራቱ ተገኝቷል። በእናትም በአባትም በኩል የመጣው አንድ ዓይነት ነው፤ ከአንድ ሰው የወረደ ይመስላል። ውጭ ያሉት ሰዎች ዝምድናውን ማወቅ ይፈልጋሉ። በዚያ ዘር ሌላ የታመመ ልጅ ካለ፣ በሽታው እንዴት እንደሚሄድ ያያሉ፤ መድኃኒቱም ለሁለት ይሆናል፤ ለመጀመርም ይቀላቸዋል።

«አስቡት፤ የሆነ ቦታ ትገናኛላችሁ» አለች።

ልጄ ተቆጣች። «አንገናኝም! ማሽናችሁ ነው የተሳሳተው። እንደገና ይታይልን።»

እኔ ዝም አልኩ። ያን ቀን ዝም አልኩ፣ ሰኔንም ዝም አልኩ፣ ሐምሌንም። ልጅቷ በዚያ ክረምት ጠጣር ነገር መዋጥ አቃታት። ጠዋት ጠዋት «ዛሬ እናገራለሁ» እልና፣ ልጄ ሾርባውን በማንኪያ ጠብ ጠብ ስታደርግላት ሳይ ሳልናገር እቀራለሁ።

ደሙ እንደገና የሚወሰድበት ቀን ደረሰ። ልጅቷን እቅፌ ላይ አስቀምጬ ክንዷን የያዝኩት እኔ ነኝ። ነርሷ የደም ሥር ፈለገች፤ ወጋች፤ አልወጣም። ሌላኛው እጇ ላይ ወጋች፤ አልወጣም። ድሮ መርፌ ስታይ ሰፈር የምታናጋ ልጅ አሁን አታለቅስም። ዓይን ዓይኔን ታያለች። ነርሷ ወደ እግሯ ጎንበስ አለች።

«ይብቃ» አልኩ። «ተያት የኔ ልጅ፣ አትውጊያት። ማሽኑ አልተሳሳተም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ልጄ «ምን አልክ?» አለች።

«ዘር ስንቆጥር ዘልዬዋለሁ። አራተኛው ቤት ላይ ዘልዬዋለሁ።»

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«በፋሲካ ሲነገረንም ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ልጇን ከእቅፌ ወሰደችና ወጣች። በሩን እንኳ አላጋጨችውም። ቢጋጭ ይሻለኝ ነበር።

ዶክተሯ አልተቆጣችኝም። ያቺን ክብና አራት ማዕዘን ያለባትን ወረቀት አወጣች። «ይቀመጡ አባባ። ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።» ነገርኳት። ሁለቱን ወገን ወደ ላይ ስትስላቸው ቆይታ አንድ አራት ማዕዘን ላይ ገጠሙ።

«እኔ ነኝ ያሳመምኳት?» አልኳት።

«አይደሉም። ይህን ያህል የራቀ ዝምድና ያላቸው ብዙ ሰዎች ጤነኛ ልጅ ወልደዋል። በሽታውን አላመጡትም።» እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ጊዜያችንን ግን ወስደውብናል።» አላለሳለሰችውም። እስከ ዛሬ አከብራታለሁ።

የልጄ ባል በር ላይ ታክሲውን አቁሞ ይጠብቃል። ልጄ ልጇን አቅፋ ከኋላ ተቀምጣለች። እኔ ጋቢና ገባሁና መገናኛ እስክንደርስ ሁሉንም ነገርኩት። መሪውን ይዞ ወደ ፊት ብቻ ያያል። መገናኛ ላይ መንገዱ ተዘጋግቷል፤ ክላክስ በክላክስ ነው።

«ፋዘር» አለኝ።

«አቤት።»

«ለዚህ ነዋ አፍንጫችን የሚመሳሰለው።»

ልጄ ከኋላ ጮኸች። «አትቀልድ!»

«ምን ላድርግ ታዲያ፣ ላልቅስ? እየነዳሁ እኮ ነው!» ጥቂት ሄድን። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞር ጠየቀኝ። «የዚያን ሰውዬ ዘር የሚያውቅ፣ እላይ አገሩ የቀረ ሰው አለ?»

«አንዲት የእናቴ ዘመድ አሉ። በሕይወት ካሉ።»

«እሁድ እንሄዳለን።»

እሁድ ከእንጦጦ ጀርባ ታክሲው የሚደርስበት ድረስ ሄድንና የቀረውን በእግር ጀመርነው። ጭቃ ነው። ከባሕር ዛፉ መሐል ስንደርስ ትንፋሼ አለቀና ጉቶ ላይ ተቀመጥኩ። የደከመው እግሬ ብቻ አይደለም። «አንተ ሂድ፤ እኔ እዚሁ ልቅር» አልኩት።

«ብቻዬን ሄጄ ማን ነኝ ልበል? ዘመድ ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት። ይነሱ።»

ክንዴን ያዘ። በኔ እርምጃ፣ እየቆመ፣ አደረሰኝ።

ሴትዮዋ በሕይወት አሉ። ደጃፋቸው ላይ ከልጃቸው ሚስት ጋር በኦሮምኛ እያወሩ ነበር። እኔን ሲያዩ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ቆዩና በአማርኛ ጀመሩ።

«አንተ ልብስ ሰፊው አይደለህም? የሞትክ መስሎኝ እኮ፣ ተዝካሩ ላይ እንኳ አልጠሩኝም ብዬ አኩርፌ ነበር።»

«አለሁ እቴቴ።»

«አለሁ ትላለህ እንዴ ደግሞ? ዘመድ ማለት ሲቸግር ብቻ የሚታይ ነው?»

«ነው» አልኩ። «ቸግሮኝ ነው የመጣሁት።»

ስለ ልጅቷ ነገርኳቸው። ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። የልጃቸውን ሚስት አዩዋት፤ እሷም አየቻቸው። ምራታቸው ወደ ውስጥ ገብታ መጋረጃውን ገለጠችው። ሦስት ዓመት ያልሞላው ወንድ ልጅ በትራስ ተደግፎ ተቀምጧል።

«ለሰው አናሳየውም» አለች እናቱ። «ሰው ያወራል።»

«አቁሚልኝ፣ ልለካው» አልኳት። ግድግዳውን ይዞ ቆመ። ሜትር አልያዝኩም፤ በስንዝሬ ከትከሻው ወደ ታች ለካሁት። አንዱ ጎን ያጥራል።

የልጁ ደም ሲታይ ያው ስብራት ነው። ወላጆቹም ሳያውቁ በዚያው ሰውዬ ይገናኛሉ። ውጭ ካሉት ሰዎች መልስ እስኪመጣ ብዙ ጠበቅን። ሥራውን እንጀምራለን አሉ። መጀመሪያ ከልጅ ልጄ ቆዳ ትንሽ ተወስዶ መድኃኒቱ እዚያ ላይ ይሞከራል፤ ከሠራ በወገብ በኩል በመርፌ ይሰጣል። ዶክተሯ ይህን ስትነግረን ልጄ ጠየቀቻት።

«ለእሷ ነው አይደል የሚሰጠው?»

ዶክተሯ እጇን ያዘቻት። «ብዙ ላልተጎዳው፣ ለትንሹ ልጅ ይቀድማል ብዬ ነው የማስበው። ለእሷም በጊዜ ከደረሰ ያለችበትን ሊያቆይላት ይችላል። የሄደውን ግን አይመልስም።»

ልጄ ፈቃዱን ሳትፈርም ወረቀቱን ስታየው ቆየች። ባሏ ቀስ ብሎ ከእጇ ወሰደና ፈረመ። «ቆዳዋ ለወንድሟ ከሆነ ይውሰዱ» አለ። እሷም ፈረመች። ወደ እኔ አላየችም።

አሁንም እየጠበቅን ነው። ትንሹ ልጅ ግድግዳ ይዞ ይሄዳል አሉ። የልጅ ልጄ ተኝታ ነው የምትውለው፤ ጣቴን እጇ ውስጥ ሳደርግላት አንዳንድ ቀን ትጨብጠዋለች፣ አንዳንድ ቀን አትጨብጠውም። ልጄ ለብዙ ሳምንት ካኮረፈችኝ በኋላ መጀመሪያ ያለችኝ «ጋዙ አልቋል» ነው። አሁን ከዚያ በላይ እናወራለን፤ እንደ ድሮው ግን አይደለም። እንድትሆንም አይጠበቅባትም።

ሰው ዛሬ እንዴት አለፍከው ብሎ ቢጠይቀኝ ጸበሉንም ዶክተሯንም አመሰግናለሁ። ከዚያ ጉቶ ላይ ክንዴን ይዞ ያነሳኝ፣ እስከ ዛሬም ጠዋት ልጅቷን በረንዳ ላይ አውጥቶ ሲያስቀምጣት «ፋዘር፣ ቁርስ በሉ?» ሳይለኝ ሥራ የማይሄደው ግን ያ ያታለልኩት ሰው ነው፤ የመገናኛው ታክሲ ሹፌር፣ የልጄ ባል።