ቀለበቱ በአውራ ጣቴ

ትናንት አምቦ፣ ባጃጅ በሚጠገንበት በኩል ሳልፍ ቤንዚን ሸተተኝና ሳላስበው አውራ ጣቴን አጥፌ ጨበጥኩ።

ልጅ ሳለሁ አባዬ ባኮ ላይ ለበቆሎ ተምች መድኃኒት የሚረጭ ትንሽ አውሮፕላን ያበር ነበር፤ ሲበላሽም ራሱ ይጠግነዋል። ሞተር ሲነካ የጋብቻ ቀለበቱን አውልቆ አውራ ጣቴ ላይ ያጠልቅልኛል፤ እንዳይወልቅብኝ ጣቴን አጥፌ እጨብጣለሁ፤ ሲጨርስ ይወስዳል። አንድ ቀን ግን ሞተሩን ገጥሞ፣ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት እጁን ጠርጎ፣ ቀለበቱን ስዘረጋለት፣

«አንቺ ጋ ይቆይ፤ ስመለስ ትሰጪኛለሽ» ብሎኝ በረረ።

እኔ ደስ አለኝ። እማዬ ምሳ ይዛ ስትመጣ ቀለበቱን ጣቴ ላይ አየችና እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። አውሮፕላኑ እስኪያርፍ ከዚያ አልተነሳችም። አባዬ ሲወርድ ቀለበቱን ተቀብላኝ ራሷ አጠለቀችለት።

«ከፈራህ ለእኔ ንገረኝ» አለችው።

አባዬ ይፈራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አሁን ጡረታ ወጥቷል፤ መብረር ትቷል። ጣቴ ግን እስካሁን አላመነም።